እሳት የሌለው ምድጃ በጀጎል ጓዳ



በፈላና በር ገብቶ ወደ ጀጎል መሐል በሚወስዱት ጠባብ መንገዶች የተመላለሰ ሰው፣ ቤቶቹ ምን ያህል ተደጋግፈው እንደቆሙ ያውቃል። ግድግዳው የጋራ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ጓዳ የተነሣ እሳት የጎረቤትም ጭንቀት ነው። ቀድሞ የሚፈራው ከሰሉና ማገዶው ነበር። ዛሬ ደግሞ ነበልባል የማይታይበት ማይክሮዌቭ የሚባል ምድጃ፣ አንዳንዴ ከድሬዳዋ ወይም ከጅጅጋ ገበያ ተገዝቶ፣ አንዳንዴም በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ስጦታ ሆኖ፣ ወደ ቤታችን ገብቷል። ብዙ ሰው የሚፈራው «ጨረሩን» ነው። ይሁን እንጂ ጉዳት የሚመጣው በአብዛኛው ከሳህኑ፣ ከኤሌክትሪኩና በደንብ ካልሞቀው ምግብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በራዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የራዳር ሞገድ አመንጪ በሆነው ማግኔትሮን አጠገብ ሲሠራ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ ከሰው ቁመት የማያንስ ግዙፍ ዕቃ ነበር። ማግኔትሮኑ የሚያወጣው ሞገድ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሙቀቱም የሚወለደው ከዚሁ ነው። ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ መሐሉ የሚሞቀው ከዳር በሚተላለፍ ሙቀት ነው። ምድጃው ሲጠፋ ሞገዱም ይቆማል፤ በምግቡ ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም። ከኤክስሬይ ጋርም አንድ አይደለም። ሞገዱን አፍኖ የሚይዘው የብረቱ ሣጥንና በበሩ መስታወት ላይ ያለው ወንፊት ስለሆነ፣ በሩ የተጣመመ ወይም የማይገጥም ከሆነ ግን ምድጃው ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

እንግዲህ ወደ ሳህኑ እንምጣ። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ከሰፌዱ ጋር ተደርድረው ቤቱን የሚያደምቁት ባለ ቀለም ሳህኖች ብዙዎቹ ከላይ ኢናሜል የተቀቡ ብረቶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ከመካከላቸው አንዱን አውርዶ ምግብ ማሞቅ ያምራል፤ ነገር ግን ብረት ሞገዱን ይመልሳል፣ ቅቡ በተላጠበት ጠርዝም ብልጭታ ሊያስነሣ ይችላል። ጠርዙ የወርቅ ቀለም የተቀባ የቡና ሲኒም እንዲሁ ነው። ፎይል፣ ሹካና ማንኪያ አይገቡም። ፌስታልና የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክማ ጨርሶ! ለማይክሮዌቭ የሚሆን መሆኑ የተጻፈበት ብርጭቆ ወይም የሸክላ ሳህን ይበቃል። ባዶውንም አታሠሩት፤ የሚቀበለው ምግብ ያጣ ሞገድ ወደ ማግኔትሮኑ ተመልሶ ይጎዳዋል። ውስጡ አንድ ነገር ቢቀጣጠል በሩን ሳትከፍቱ አጥፉት፣ ሶኬቱንም ንቀሉ፤ አየር ያጣ እሳት ራሱ ይከስማል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጠንከር ብለን መናገር አለብን። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ብዙ የሐረር ልጆች ከሚኖሩባት ከቶሮንቶ የሚመጣው ምድጃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። «ትራንስፎርመር ይገዛለታል» የሚሉ አሉ። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ የቆየ ዓይነት ምድጃም በ50 ላይ ከመጠን በላይ ይግላል። ከሳዑዲ የሚመጣውም ቮልቱ ቢስማማ ኸርዙ 60 ሊሆን ስለሚችል ከጀርባው የተጻፈውን ሳያዩ መሰካት አይገባም። ዘመዶቻችን የላኩት በፍቅር መሆኑ አያጠራጥርም፣ ግን ያንን ኪራይ እዚሁ የሚገዛ ዕቃ ላይ ቢያውሉት ይሻላል። ሌላው ነገር፣ 800 ዋት የተባለ ምድጃ ከመስመሩ የሚስበው 1200 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ፍሪጅና ቴሌቪዥን በተሰካበት ቀጭን ዲቫይደር ላይ አይደረብም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየሠራ እያለም ባይበራ ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላልና።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚያስፈልገው ግን ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው። በጡጦ የተሞቀ ወተት ውጪው ለእጅ ለብ ያለ ሆኖ ሳለ መሐሉ ላይ የሕፃን አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። ጡጦው በሙቅ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይሙቅ። ውሃ በሲኒ ስታፈሉም ተጠንቀቁ፤ በሐረር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በንጹሕ ሲኒ ውስጥ ግን ሳይንተከተክ ከዚያ አልፎ ሊግል ይችላል። ከዚያ ስኳር ወይም የቁቲ ቅጠል ሲጨመርበት በድንገት ገንፍሎ ፊት ላይ ይረጫል። ማሞቅ ከመጀመራችሁ በፊት ንጹሕ የእንጨት ማንኪያ ብታስቀምጡበት ይህ አይደርስም። እንቁላል ከነቅርፊቱ ይፈነዳል።

የተረፈ ምግብን በተመለከተ፣ ምግብ ሳይባክን ማቆየት መልካም ነው፤ ግን አቀማመጡ ይወስነዋል። በሰርግ ወይም በኢፍጣር የተረፈ ሩዝ በድስት ውስጥ እንደተከደነ ሌሊቱን ካደረ፣ በውስጡ የሚራቡት ጀርሞች የሚተዉት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ለስሁር ያ ሩዝ ቢሞቅ እንፋሎቱ ማንንም አያታልል። ሩዝም ወጥም ከምድጃ ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይግባ። ሲሞቅ በሰፊ ሳህን ዘርጋ ተደርጎ፣ ተከድኖ፣ መሐል ላይ አውጥቶ አንዴ ከታመሰ በኋላ እንደገና ይግባ፤ ከዚያም ሁለት ደቂቃ ሳይነካ ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ወደ መሐሉ ይደርሳል። መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ከመሐሉ ሳይቀር እንፋሎት ሲያወጣ ማየት ነው። ምግብ ራሳቸው የሚያሞቁ ልጆቻችሁም ከወላጅ ሊማሩት የሚገባው ይህንን ማመስ ነው።

እንጀራ ጥቂት ውሃ እፍ ተብሎበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ 20 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ለሳምቡሳ ግን ማይክሮዌቭ አይመችም። ምድጃው የሚያሞቀው ውሃውን ስለሆነ ከሥጋው የወጣው እርጥበት ቅጠሉን ያለሰልሰዋል፣ የሚንኮሻኮሸውም ጥብስ ይጠፋል። ለኢፍጣር የደረሰ ሳምቡሳ በደረቅ መጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት አንዴ ቢገላበጥ ይበቃዋል።