ዱላው ከመነሣቱ በፊት

ከሪያዱ ሰፈር ከዑረይጃ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚነዳ ሰው የከተማዋ ሕንፃዎች ሳስተው ድንጋያማው ምድር ሲጀምር ያልጠበቀው አረንጓዴ ይገጥመዋል፤ የድራብ ጎልፍ ክለብ ነው። ጎልፍ ወደ ሳዑዲ ሲገባ ግን ሣር አልነበረውም። በምሥራቁ የነዳጅ ከተማ በዳህራን የአራምኮ ሠራተኞች ለዓመታት የተጫወቱት በአሸዋ ላይ ነው፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ዘይት እያጠጡና እየደለደሉ። ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። በ2025 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የሊቭ ጎልፍ ውድድር በሪያድ ጎልፍ ክለብ ማታ ማታ በመብራት ተካሂዶ ፖላንዳዊው አድሪያን ሜሮንክ አሸንፏል።

ቴሌቪዥን እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሲያሳይ ዓይን የሚስበው ምቱ ነው፤ ዱላው ከትከሻ በላይ ወጥቶ ሲወርድ፣ ወገብ ሲዞር፣ ኳሷ ስትበር። ጀማሪም ሊቀዳ የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ዱላውና ኳሷ ተነካክተው የሚቆዩት ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት የሚታረም ነገር የለም። ኳሷ የምትነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት በዚያች ቅጽበት ወዴት እንደዞረ ነው። ፊቱን የሚያዞሩት እጆች ናቸው፤ እጆች ዱላው ላይ ቦታቸውን የያዙት ደግሞ ተጫዋቹ ገና ቆሞ ሳለ ነው።

ገና ሲጫወት ያደገ ሰው የጎልፍ ዱላ ቢሰጡት በሙሉ መዳፉ ጨምድዶ ይይዘዋል። በሩጫና በግፊያ መሐል ለምትመታ ሩር ይህ ያዋጣ ይሆናል። የጎልፏ ኳስ ግን የትም አትሄድም፤ ክብደቷም 46 ግራም አይሞላም፤ ጉልበትን ከመለመኗ በፊት ልክ መያዝን ትጠይቃለች።

ቀኝ እጁ ለሚቀናው ሰው ግራ እጅ ከላይ ይሆናል። ዱላው የሚያዘው በመዳፍ ሳይሆን በጣቶች ነው፤ ከትንሿ ጣት ሥር ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ሌባ ጣት መሐል ያልፋል፤ የመዳፉ ወፍራም ሥጋ ከላይ ይጫነዋል። ቁልቁል ሲያዩ የግራ እጅ ሁለት አንጓዎች፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል ይታያሉ። ቀኝ እጅ ከሥር ይመጣና በመዳፉ የግራውን አውራ ጣት ይሸፍናል። በሁለቱም እጅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የሚፈጠረው ስንጥቅ ወደ ቀኝ ትከሻ አካባቢ ማመልከት አለበት።

ሁለቱ እጆች የሚጋጠሙት እንዴት ነው? እዚህ ላይ ታላላቆቹም አይስማሙም። ከጀርሲ ደሴት የወጣው ሃሪ ቫርደን የቀኙን ትንሽ ጣት በግራው እጅ ላይ ደርቦ ይይዝ ነበር፤ የብሪታንያን ኦፕን ስድስት ጊዜ አሸንፏል፤ በዚያ ውድድር እስከ ዛሬ የሚስተካከለው የለም። አያያዙ በስሙ ይጠራል፤ ከእርሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ጆኒ ሌይድሌይ ይጠቀምበት እንደነበር ግን የታወቀ ነው። ጃክ ኒክላውስና ታይገር ዉድስ ትንሿን ጣት ከሌባ ጣት ጋር አቆላልፈው ይይዛሉ። አሥሩንም ጣት ዱላው ላይ ማሳረፍም ይቻላል፤ እጃቸው ትንሽ ለሆነና ለሕፃናት ይቀላል።

ከመጋጠሚያው ይልቅ የሚያሳስበው የእጆቹ መዞር ነው። ሁለቱም ወደ ቀኝ አብዝተው ከዞሩ የዱላው ፊት ይዘጋና ኳሷ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ወደ ግራ ከዞሩ ፊቱ ይከፈትና ወደ ቀኝ ታመልጣለች። ጀማሪን በብዛት የሚያበሳጨው ይህ ሁለተኛው ነው። አሜሪካዊው ቤን ሆጋን የተቸገረው በተቃራኒው ነው፤ ኳሱ ወደ ግራ እየታጠፈ ዓመታት አስቆጥሮበት፣ ካስተካከላቸው ነገሮች አንዱ አያያዙ ነበር። የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ በ1946 ያነሣው በ34 ዓመቱ ነው። በ1957 ያሳተመው የጎልፍ መማሪያ የሚጀምረውም በምቱ ሳይሆን በአያያዝ ነው።

ጭምደዳውም ጉዳይ አለው። እጅ ሲጠብቅ ክንድ ይደርቃል፤ ክንድ ሲደርቅ የዱላው ፍጥነት ይሞታል። በሪያድ በጋ፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲያልፍ፣ መዳፍ ያልበዋል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ዱላው እንዳያመልጠው ይበልጥ ይጨመድዳል። መፍትሔው የግራ እጅ ጓንት፣ ደረቅ ፎጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማለዳ ወይም ማታ መጫወት ነው።

ወደ አቋቋም ስንመጣ፣ አብዛኛው ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ እግሩን ይተክልና ከዚያ ዒላማውን ይፈልጋል። ኒክላውስ ከኳሷ በስተኋላ ይቆምና በዒላማው መስመር ላይ ከኳሷ ትንሽ ራቅ ያለች ምልክት ይመርጥ ነበር፤ የበቀለች ሣር ትሁን የወደቀ ቅጠል። የዱላውን ፊት ወደዚያች ምልክት ካሳየ በኋላ ነው እግሩን የሚያስተካክለው። የእግርና የትከሻ መስመር ዒላማውን አይመለከትም፤ ከኳሷ መስመር በስተግራ ትይዩ ሆኖ ይሄዳል። እግሮች በትከሻ ስፋት ይከፈታሉ፤ ለረጅሙ ዱላ ትንሽ ይሰፋሉ። የሚታጠፈው ጀርባ ሳይሆን ዳሌ ነው፤ ጉልበት ላላ ይላል፤ ክንዶች ከትከሻ በራሳቸው ይንጠለጠላሉ። ኳሷ ለአጭር ዱላ መሐል ላይ፣ ለረጅሙ በግራ ተረከዝ ውስጠኛ በኩል ትሆናለች።

ይህ ሁሉ ሜዳ አይፈልግም። በ2020 ጎልፍ ሳዑዲ የተባለው ድርጅት ለ1,000 ሴቶች ነፃ አባልነት ከፍቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕድል ያላገኘ ሰው የሜዳውን ክፍያ ይፈራል። አያያዝና አቋቋም ግን አንድ አሮጌ ዱላና መስታወት ካለ በዑረይጃ ኪራይ ቤት ሳሎን ውስጥም ይለመዳል፤ ዱላውን ሳያወዛውዙ፣ መብራቱም ሳይሰበር። ሌላ ዱላ መሬት ላይ አጋድሞ እግርን በእርሱ ማስተካከልም ጥሩ ልምምድ ነው።

በውድድር ላይ ግን እንዲህ ዱላ አጋድሞ መቆም ክልክል ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዱላ ያዡ ረዳት፣ ተጫዋቹ አቋቋሙን መያዝ ሲጀምር ከኳሷ መስመር በስተኋላ ሆኖ እንዳያስተካክለው ሕጉ ከልክሏል። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ወር፣ እዚያው ባሕረ ሰላጤ፣ ዱባይ ላይ ቻይናዊው ሊ ሃኦቶንግ የመጨረሻዋን ኳስ ሲያስገባ ረዳቱ ከኋላው ቆሞ ነበር ተብሎ ሁለት ምት ተቀጣ። ሦስተኛ የነበረው ሰው አሥራ ሁለተኛ ሆነ።