በዳንቴል ላይ የሚቀር የስፒል ዝገት

ዛሬ የምናነበው ቃል «ዝገት» ነው። ዝ፣ ገ፣ ት። ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ቀላል አይደለም።

ደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች። ሠርታም ትሸጣለች። የልጆቿ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንዲት ሙሽራ ቤት ስድስት የአበባ ዳንቴሎች ታዘዘች። ሠርታ ስትጨርስ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ በስኳር ውሃ ነከረቻቸው። ካርቶን ላይ ዘርግታ በስፒል ወጠረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ስፒሉን ብትነቅል በየአበባው ጫፍ ቡናማ ነጥብ አገኘች። ያዘዘችው ሴት «ይህማ አሮጌ ነው» ብላ መለሰችባት። የስንት ማታ ድካም፣ የስንት ብር ክር!

ነጥቡ ከየት መጣ? ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል። ስፒል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው። ከላይ የሚያብለጨልጨው ስስ ልባስ ነው። ልባሱ ሲጫር ውስጡ ያለው ብረት ይጋለጣል። ታዲያ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በክረምት ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ የራሰ ነገር ቶሎ አይደርቅም። በበጋ በአንድ ቀን የሚደርቀው ዳንቴል በሐምሌ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ስፒሉም ያን ሁሉ ጊዜ እርጥበት ውስጥ ተሰክቶ ይከርማል።

እንዴት እናስለቅቀው? በመጀመሪያ ዳንቴሉን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት። ስኳሩ ሟሙቶ ይውጣ። ስኳር ክሩን ሸፍኖት ሳለ ሎሚ ብትጨምሩ ወደ ክሩ በደንብ አይገባም። ታጥቦ ሲጠራ ነጥቡ ላይ ሎሚ ጭመቁ። ትንሽ ጨው ነስንሱበት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሎሚው እንዳይደርቅ እየጨመራችሁ አቆዩት። የሎሚው ኮምጣጣነት ዝገቱን ያሟሟዋል፤ ውሃውም ይዞት ይሄዳል። በመጨረሻ ደጋግማችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ሎሚ ክር ውስጥ ደርቆ ከቀረ ክሩን ያደክመዋል። በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ በማግስቱ ድገሙት። ክሩ ባለ ቀለም ከሆነ ግን አስቀድማችሁ በማይታይ በኩል ሞክሩት፤ ሎሚ ቀለምም ያስለቅቃል።

በረኪናስ? ብዙ ሰው ነጭ ጨርቅ ሲቆሽሽ ወደ በረኪና ይሮጣል። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ በረኪናና ሎሚ አትቀላቅሉ። ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

አንዳንዶች ደግሞ «ዳንቴሉን በሞላ ሻይ ውስጥ ነክረን ቡናማ ብናደርገው ነጥቡ ይደበቃል» ይላሉ። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ነጥቡ ጠቁሮ ቁጭ አለ! ሻይ ውስጥ ቆዳ የሚያለፋው ዓይነት ነገር አለ። ያ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ዝገቱ ሳይለቅ ሻይ አይነካው።

አልለቅ ያለውን በክር መሸፈን ይሻላል። ስፒል የሚሰካው ጫፍ ጫፉን ነው፤ ነጥቡም የሚወጣው እዚያው ነው። እንግዲያው የአበባውን ጫፍ ሁሉ፣ ነጥብ ያለበትንም የሌለበትንም፣ በቢጫ ወይም በቡናማ ክር በኪሮሽ ዙሩት። አንዱን ጫፍ ብቻ ከሸፈናችሁ ግን ያስታውቃል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ስፒላችሁን ፈትኑ። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ላይ ቡናማ ምልክት ካያችሁ ለዳንቴል አይሆንም። የናስ ስፒል እንዲህ አይዝግም፤ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። እኔ የምመርጠው የቀርከሃ ስንጥር ነው። በእንጅባራ በኩል ቀርከሃ ሞልቷል፤ ከተሰበረ ዘንቢልም ቢሆን ይገኛል። በቢላ አሹሉት፣ ሸካራው ክሩን እንዳይመዝ አለስልሱት፣ በደንብ ደርቆ ሳለ ተጠቀሙበት።

የጎረቤቴ ነገር እንዴት ሆነ? ከስድስቱ ዳንቴሎች አራቱ በሎሚ ነጡ። እንደገና በስኳር ውሃ ነክራ፣ በስንጥር ወጥራ ለሌላ ሰው ሸጠቻቸው። አምስተኛው በቢጫ ክር ተዞረ። ስድስተኛው ያ እኔ ሻይ የነከርኩት ነው። አሁን እኔ ቤት፣ ራዲዮኑ ሥር ተነጥፏል።