የካርቦን ሰንሰለት፦ ከነጭ ጋዝ እስከ ደም ከረጢት

መግቢያ

ስለ ሃይድሮካርቦን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሰጠውን ትምህርት ብዙ የጤና ባለሙያዎች ከፈተና በኋላ መለስ ብለው አላዩትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ነጭ ጋዝ (ላምባ) የጠጣ ሕፃን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣም ሆነ ያገለገሉ የሕክምና ዕቃዎች በጤና ጣቢያ ጓሮ ሲቃጠሉ ያ ትምህርት እንደገና ያስፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ የሚመነጨው ከሁለት ቀላል ጥያቄዎች ነው፦ የካርቦኑ ሰንሰለት ምን ያህል ይረዝማል? ከሰንሰለቱ ጋርስ ምን ሌላ ነገር ተያይዟል?

የሰንሰለቱ ርዝመት

ሃይድሮካርቦን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ውህድ ነው። አንድ የካርቦን አቶም አራት ትስስር ስለሚፈጥር ከመሰሎቹ ጋር እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ሊሠራ ይችላል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ እየጠነከረ ስለሚሄድ የውህዱ ባሕርይ ይለወጣል። አንድ ካርቦን ካለው ሚቴን እስከ አራት ካርቦን ያለው ቡቴን ድረስ ያሉት በተለመደው የክፍል ሙቀት ጋዝ ናቸው። አምስት ካርቦን ያለው ፔንቴን በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። ነጭ ጋዝ በአብዛኛው ከ10 እስከ 16 ካርቦን ያላቸው ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ሲሆን፣ የሚፈላውም በግምት ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የካርቦኑ ቁጥር ከ20 ሲያልፍ የሻማ ሰምን የመሰለ ጠጣር ይገኛል።

ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን

ነጭ ጋዝ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ዝልግልግነቱና ገጸ-ውጥረቱ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ጥቂት ጠብታ እንኳ ማንቁርትን አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ በሳንባ ውስጥ በፍጥነት ይሰራጫል። እዚያም የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚጠብቀውን ሰርፋክታንት ያበላሻል፤ ኬሚካዊ የሳንባ ብግነትም ያስከትላል። በአንጻሩ ከጨጓራና ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ነው። ስለዚህ በነጭ ጋዝ መመረዝ ዋናው አደጋ ያለው በሳንባ እንጂ በሆድ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕፃኑን ማስመለስ ፈሳሹ በማንቁርት በኩል ለሁለተኛ ጊዜ እንዲያልፍ ማድረግ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም። በዚሁ ምክንያት ጨጓራ ማጠብም ሆነ የመድኃኒት ከሰል መስጠት አይመከርም። በየቤቱ የተለመደው ወተት ማጠጣትም ትውከትን ሊያመጣ ስለሚችል ወላጆች ሊመከሩበት ይገባል። የሚያስፈልገው ነጭ ጋዝ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ቆዳን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ አተነፋፈስን መከታተልና እንደ ሁኔታው ኦክስጅን መስጠት ነው። ሳል፣ የአተነፋፈስ ፍጥነት ወይም የደረት መሰርጎድ ያለበት ሕፃን ተኝቶ ሊታከም ይገባል። ምንም ምልክት የሌለውም ቢሆን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ክትትል ሳይደረግለት ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚታየው ትኩሳት ከብግነቱ ብቻ ሊመጣ ስለሚችል፣ የባክቴሪያ ሕመም ምልክት ሳይኖር አንቲባዮቲክ በልማድ ማዘዝ ተገቢ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄም መነሳት አለበት። የተጠጣው በነጭ ጋዝ ወይም በመሰል ፈሳሽ የተበጠበጠ ፀረ-ተባይ ከሆነ አደጋው የፀረ-ተባዩ ጭምር ስለሚሆን ሕክምናው ይለያል። መከላከሉን በተመለከተ ደግሞ ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ወይም በውኃ ጠርሙስ እንዳይቀመጥ ማስተማር ይጠቅማል፤ ሕፃን ልጅ ውኃ መስሎት ያነሣዋልና።

ከጋዝ ወደ ፕላስቲክ

ኢቲሊን ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር የተያያዙበት ጋዝ ነው። ከድርቡ አንዱ ሲከፈት ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተቀጣጥለው በሺዎች የሚቆጠር ካርቦን ያለው ፖሊኢቲሊን ይሆናሉ። ይህ ፕላስቲክ በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በከፍተኛ ግፊት በተካሄደ ሙከራ ሳይታሰብ የተገኘ ነጭ፣ ሰም መሰል ነገር ነበር። ሰም መምሰሉም አያስደንቅም፤ ሁለቱን የሚለያቸው በዋናነት የሰንሰለታቸው ርዝመት ነውና።

በፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት ላይ በየሁለተኛው ካርቦን አንድ ተጨማሪ ካርቦን ተያይዟል። የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ የአውቶክሌቭን 121 ዲግሪ ይቋቋማል። የላቦራቶሪ ሳህኖች የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን ግን በ100 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል። ይሁን እንጂ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የተሠራ ሲሪንጅ አካሉ ሙቀቱን ስለቻለ ብቻ ደግሞ ለመጠቀም የተፈቀደ አይሆንም።

ክሎሪን ሲጨመር

ፒ.ቪ.ሲ. በመባል የሚታወቀው ፕላስቲክ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በተጨማሪ ክሎሪን ይዟል። የተሠራበት አሃድ የሞለኪውል ክብደት 62.5 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 35.5ቱ የክሎሪን ድርሻ ነው፤ ይህም ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. በራሱ ደረቅ ስለሆነ ለደም ከረጢትና ለቱቦ እንዲለሰልስ ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. የተባለ ማለስለሻ ሲጨመርበት ኖሯል። ማለስለሻው ከሰንሰለቱ ጋር በኬሚካዊ ትስስር ስላልተያያዘ ወደ ደምና ስብ ወዳለበት ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 እ.ኤ.አ. በተለይ ለወንድ ጨቅላ ሕፃናት ሌላ አማራጭ ካለ እንዲመረጥ አሳስቧል። ሆኖም አስፈላጊ ሕክምና በዚህ ምክንያት ሊቀር አይገባም።

ቃጠሎም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ፖሊኢቲሊን በበቂ ሙቀትና አየር ከተቃጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይሆናል፤ አየር ካነሰው ጥላሸትና መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣሉ። ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል ደግሞ የመተንፈሻ አካልን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለቃል። በዝቅተኛ ሙቀት ወይም በጉድጓድ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። ከእነዚህም ዋነኛው በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የሰው ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ከዕቃ ጋር ወደ እሳት የሚሄድ ክሎሪን የያዘ በረኪናም ችግሩን ያባብሳል።

ማጠቃለያ

በመሆኑም በጤና ተቋማት ፒ.ቪ.ሲ. ያለበትን ቆሻሻ ከሚቃጠለው መለየት፣ ተላላፊ ያልሆነውን ቆሻሻ ከተላላፊው ጋር አለመቀላቀልና ማቃጠል ግድ ሲሆን ከ800 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ምድጃ መጠቀም ያስፈልጋል። በድንገተኛ ክፍል ደግሞ ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን ሲመጣ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት አተነፋፈሱ ነው። ሁለቱም ውሳኔዎች የሚመነጩት ከአንድ ሰንሰለት ነው፤ ርዝመቱንና ተያያዡን የሚያውቅ ባለሙያ የሚጎዳውን እርምጃ ከሚጠቅመው ለመለየት አይቸገርም።