ከወደቡ ማዶ ያሉ መንደሮች፦ የጎዳ ተራሮች የአንድ ቀን ጉዞ

ለብዙ ኢትዮጵያዊ ጅቡቲ ማለት ወደብ፣ ወበቅና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ሾፌሩ በጋላፊ ገብቶ ዶራሌ ላይ ይጭንና ፊቱን ወደ መጣበት ይመልሳል። ከተማዋ ውስጥ ዓመታት የኖረ ያገር ልጅ እንኳ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የአበሻ ጥድ የሚበቅልበት ተራራ መኖሩን ላይሰማ ይችላል። ተራራው ጎዳ ይባላል፤ ከፍታው ከ1,700 ሜትር ያልፋል። በወገቡና በጫፉ ላይ ራንዳ፣ ባንኳሌ፣ ዲቲሉና ዳይ የተባሉ የአፋር መንደሮች ሰፍረዋል። ከጅቡቲ ከተማ በማለዳ ተነስቶ፣ አንድ ሁለቱን አይቶ ማታ መመለስ ይቻላል። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ግን የግድ ነው።

ጉዞው ወደ ኢትዮጵያ በሚያወጣው የከባድ መኪና መንገድ ይጀምራል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ መኪናው ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ የጉቤት የባሕር ወሽመጥ ከጥቁር ገደል በታች ብቅ ይላል። አሳል ሐይቅ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው። በሐይቁና በጉቤት መካከል ያለው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ በኅዳር 1978 (ዘመኑ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፈንድቶ ያፈሰሰው ቅልጥ አለት አሁንም ጠቁሮ ይታያል። ከዚያ መንገዱ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ታጁራ ይሄዳል፤ ወደ ተራራው የሚወጣው ግን ላንድክሩዘር የሚፈልግ የድንጋይ መንገድ ነው። ዳይ ሲደረስ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከድሬዳዋ በላይ ነው። ባሕሩ ዳር የወለቀው ሹራብ ይፈለጋል።

ከተራራው ግርጌ ያለችው ታጁራ የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫ ናት፤ ሱልጣኑ ዳርዳር ይባላል። ሸዋ ከባሕር ጋር የተገናኘው በዋነኛነት በእሷ በኩል ነበር። ጨው፣ የዝሆን ጥርስ፣ ጠመንጃ፣ ባሪያም ጭምር በዚህ ተመላልሷል። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሄድ ከታጁራ ተነስቶ ነው አንኮበር የገባው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ታጁራ ላይ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጉዞ የጀመረው በ1886 መገባደጃ ነው። ከታጁራ በስተምዕራብ ባለችው ሳጋሎ ደግሞ በ1889 አሺኖቭ የተባለ ሩሲያዊ፣ ቄሶችና ኮሳኮች አስከትሎ ወደ አበሻ ምድር እሄዳለሁ ብሎ ሰፈረ። የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በመድፍ ደብድበው አስወጡት። እንግዲህ ባዕድ ገንዘብም መድፍም ቢኖረው፣ ወደ ደጋው የሚያደርሰው ግመሉን የሚያከራየውና ውሃውን የሚያውቀው አፋር ነበር።

የዛሬው አስጎብኚ ሥራም ከዚያ የወረደ ነው። መንገድ ማሳየት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ከፊት ለፊት እረኛ ሲመጣ መኪናውን ያስቆማል፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ይያያዙና ዳጉ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የትኛው ጎርፍ መንገድ ቆረጠ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ እንግዶቹስ የማን ናቸው? ሰዓቱን እያየ የሚቁነጠነጥ ጎብኚ ይህን ጊዜ እንደ ብክነት ይቆጥረው ይሆናል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወረድና በየትኛው መንደር ምሳ እንደሚቀርብ የሚወሰነው በዚሁ ወሬ ነው፤ ጎብኚውም ገና ሳይደርስ መንደሩ ማን እንደሚመጣ አውቋል።

ባንኳሌ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለች የምንጭና የጓሮ አትክልት መንደር ናት። በዓለም ላይ በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በየመን ብቻ የሚገኝ የዘንባባ ዝርያ በሸለቆዋ ይበቅላል። የአካባቢው ሰዎች በአፋር ጎጆ አምሳል ለእንግዳ የሠሯቸው ማረፊያዎች አሉ። ዲቲሉ ወደ ጫካው ለሚወጡ የእግር ጉዞ መነሻ ነው። ዳይ ላይ ያለው ጫካ በ1939 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል፤ ሆኖም ከጥዶቹ አብዛኞቹ እንደ ቆሙ ደርቀዋል። ድርቅ፣ ሙቀት፣ ልቅ ግጦሽና መጥረቢያ ተባብረውበታል። ከ1991 ጀምሮ በመንግሥትና ፍሩድ በተባሉ የአፋር አማፅያን መካከል የተካሄደው ጦርነትም ሰሜኑን ጎድቶታል። በጫካው የሚኖረው የጅቡቲ ቆቅ ከጎዳና ከጎረቤቱ ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም፤ የቀረውም በጥቂት መቶዎች የሚገመት ነው። ድምፁን ለመስማት ገና ጎህ ሲቀድ ጫካው ውስጥ መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ቆቁን አገኛለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም።

ለጉዞው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከተማው አርብ ስለሚያርፍ የዚያን ቀን ላንድክሩዘር ቀድሞ መያዝ ይበጃል። ውሃ በብዛት፣ ሹራብ፣ ጠንካራ ጫማና ዝርዝር የጅቡቲ ፍራንክ ይያዝ፤ ተራራው ላይ የባንክ ካርድ አይሠራም። ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት በአስጎብኚው በኩል ይጠየቅ። ክፍያን በተመለከተ ከከተማ ሳይወጡ አንድ ነገር አጣርቶ መነሳት ጥሩ ነው፦ ከሚከፈለው ውስጥ ለመንደሩ መሪ፣ ለምሳውና ለማረፊያው የሚደርሰው ስንት ነው? አብዛኛው ከተማ ውስጥ የሚቀር ከሆነ መኪናውን ብቻ ተከራይቶ፣ አስጎብኚውን ከተራራው ሰዎች መቅጠር ይሻላል። የድሮዎቹ ነጋዴዎችም ታጁራ ላይ የተማሩት ይህንኑ ነው፤ ባለአገሩን ዘሎ የተነሳ ሲራራ አንኮበር አይደርስም ነበር።