የሩቁ ባሕር እንዴት ሰነበተ?

ሐምሌ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ጨልማለች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ቤት ውስጥ ያለነውን ጮክ ብለን እንድናወራ አስገድዶናል። የአሥራ አንድ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጋቢ ተከናንቦ በላፕቶፕ ማይንክራፍት ይጫወታል። እሱ በሠራው መንደርም መብረቁና ዝናቡ አላስወጣ ብሎታል። "አጎቴ፣ ይሄን ዝናብ ላቁምልህ?" አለኝና ጨዋታው ውስጥ ያለውን ሰውዬ አልጋ ላይ አስተኛው። ሰውዬው ሲነሣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ በመስኮቱ የእኛን ሰማይ አየና፣ "የኛውስ ለምን እንዲህ አይሆንም?" አለኝ። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ራሴንም አላጠገበኝም።

ማይንክራፍት ውስጥ አንድ ቀን ማለት ሃያ ደቂቃ ነው። ዝናብ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣል፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያዘንባል። ሲያባራ ደግሞ ሌላ ዕጣ ያወጣል፤ ከ10 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ብራ ይሆናል። በረሃው ላይ አይዘንብም፤ ብርዳማው ተራራ ላይ በረዶ ይጥላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ደመናው ከየትም ባሕር አልተነሣም፤ ያለፈው ዝናብ ለሚመጣው ያስተላለፈው ነገር የለም። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስታርዲው ቫሊ የተባለው የእርሻ ጨዋታ ትንሽ ሻል ይላል። አራት ወቅቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ወቅት ልክ 28 ቀን ነው። የዘነበ ዕለት ተጫዋቹ ማሳውን ማጠጣት አይጠበቅበትም። ወቅቱ ሲዞር ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ሰብል በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ነገ ይዘንባል ካለ ይዘንባል።

እነዚህን ጨዋታዎች እወዳቸዋለሁ። ማሳ ረግጦ የማያውቅ የከተማ ልጅ ዘርና ዝናብ ወቅት እንዳላቸው የሚማርበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም። የሚጎድላቸው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ዑደታቸው ትውስታ የለውም። የእውነተኛው ሰማይ ዑደት ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውም በባሕር ነው።

በእኛ አገር የዓመቱ ዑደት ከበዓልና ከማረሻ ጋር የተገመደ ነው። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል፤ ነሐሴ 13 ካለፈ ዝናቡ ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ልጆች ደጅ ወጥተው ይታጠቡበታል። ዘመኑም ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባለ በአራት ይዞራል። ዓመቱ የማን እንደሆነ ጠይቀው የዝናቡን ጠባይ የሚገምቱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ዝናቡን አይተው ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ከምድር ወገብ አካባቢ ያለው የዝናብ ቀበቶ ይከተላታል፤ ስትመለስም አብሮ ይመለሳል። ይህኛው መንኮራኩር በየዓመቱ ይዞራል። የሚያስቸግረው ሌላው፣ ቀን የማይቆርጠው ነው።

የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ያውቁት ነበር። በገና ሰሞን ባሕራቸው ሞቅ ሲል ዓሣው ይሸሻቸዋል። በልደት ወቅት ስለሚመጣም በቋንቋቸው "ሕፃኑ" አሉት፤ ኤልኒኖ። ሕፃኑን ኢየሱስን ማለታቸው ነው።

ነገሩን ለእህቴ ልጅ ያስረዳሁት በትሪ ነው። ሰፊ ትሪ ውኃ ሞላሁና ከአንድ ጎን እፍ እንዲልበት አደረግሁት። ውኃው ማዶ ሄዶ ተከማቸ። ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይም በአዘቦቱ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውኃ እየገፋ ወደ ኢንዶኔዥያ ያከማቸዋል፤ በዚያ በኩል ያለው ባሕር ከፔሩ በኩል ካለው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በፔሩ ዳርቻ ደግሞ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ ዓሣውን የሚመግበውም እሱ ነው። ልጁ ትንፋሹን ሲገታ የትሪው ውኃ ተመልሶ መጣ። ኤልኒኖ ይኸው ነው፤ ነፋሱ ይደክማል፣ ሞቃቱ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ ዝናቡም ሞቃቱን ውኃ ተከትሎ ቦታ ይለውጣል። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሲጠብ ነፋሱ ይብሱን ይደክማል፤ ነፋሱ ሲደክም ልዩነቱ ይብሱን ይጠብባል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ወራት ይቆያል። ከዚያ ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ተቃራኒው ያልፍና ላኒና፣ "ልጅቷ"፣ ትመጣለች። ሕፃኑ የሚመለሰው ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከአራቱ ወንጌላውያን ቆጠራ ጋር የማይገጥመው ለዚህ ነው፤ የእኛ ቆጠራ ይዞራል፣ የባሕሩ ግን ይወዛወዛል።

ይህን ለመረዳት የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። ጊልበርት ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1904 እ.ኤ.አ. የሕንድን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እንዲመራ ሄደ። ሕንድ በዝናብ እጦት በረኀብ ካለቀች ገና ጥቂት ዓመት ነበር። የዓለምን የአየር ግፊት መዝገብ ሲያገላብጥ ኖሮ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ግፊቱ ሲጨምር በሕንድ ውቅያኖስ በኩል እንደሚቀንስ፣ ያኛው ሲቀንስ ይህኛው እንደሚጨምር አገኘ፤ ልክ እንደ ሚዛን። የዎከር የአየር ሚዛንና የዓሣ አጥማጆቹ ሕፃን አንድ ነገር መሆናቸውን ግን ያኮብ ቢየርክነስ የገለጸው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው።

ፔሩ ወዲያ ማዶ፣ እኛ ወዲህ። ምን አገናኘን? ወደ ላይ የወጣ አየር የሆነ ቦታ መውረድ አለበት። ሞቃቱ ውኃ ቦታ ሲቀይር አየሩ የሚወጣበትና የሚወርድበትም ይቀየራል፤ አየር በሚወርድበት አገር ደመና ይበተናል። ለክረምታችን ድጋፍ የሆነው ከምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም በኤልኒኖ ዓመት ይዳከማል። ስለዚህ የሰሜኑና የመካከሉ ደጋ ክረምት ይሳሳል።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ፣ ራያ ቆቦ ማሽላ ያርሳሉ። ረጅሙ ማሽላ ሰባት ወር ያህል መሬት ላይ ይቆያል፤ በሚያዝያ በበልግ እርጥበት ካልተዘራ አይደርስም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። አፈሩ እንደ አመድ ቡን ይል እንደነበር ሲናገሩ እጃቸውን ከፍተው እፍ ይሉበታል። "ክረምቱ ይክሰናል" ብለው ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ይዘው ጠበቁ። ክረምቱም ዘግይቶ መጣ፣ ቶሎ ሄደ። በሬያቸውን የሸጡት ያን ዓመት ነው። ያ ኤልኒኖ እስካሁን ከተመዘገቡት ከኃይለኞቹ አንዱ ነበር። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተነገረ።

አንድ ዓይነት ኤልኒኖ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሰሜኑን የሚያደርቀው ሕፃን በበጋው መግቢያ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን ያጥለቀልቃል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎርፉ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው በኤልኒኖ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትላ ስትመጣ፣ ቦረናና ሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶባቸው ከብቶቻቸው አለቁ። ሁሉንም በኤልኒኖ ማሳበብም ልክ አይደለም። የ77ቱ ረኀብ ዝናብ የቀረው በ1976 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ያን ጊዜ የ1982–83 እ.ኤ.አ. ኃይለኛ ኤልኒኖ አልፎ ሰላማዊ ውቅያኖስ ቀዝቅዞ ነበር። የሌሎች ባሕሮች ድርሻ አለበት፤ ከባሕር ሁሉ በላይ ደግሞ የጦርነቱና የአገዛዙ።

የዝናባችንን ታሪክ ከእኛ ቀድሞ የጻፈ አንድ ድንጋይ አለ። ካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ የዓባይን ከፍታ የሚለካ ምሰሶ ቆሟል፤ አሁን ያለው ሕንፃ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ የመዝገቡ ዓመታዊ ቁጥር ከ622 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ከአምስት እጁ አራቱን የሚያህለው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ በመሆኑ፣ ምሰሶው የጎጃምና የወሎ ክረምት መለኪያ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሃሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ በ1906 እ.ኤ.አ. ግብፅ ገብቶ ዕድሜውን በዓባይ ላይ አሳለፈ። ግድብ ምን ያህል ውኃ መያዝ አለበት የሚለውን ለማስላት መዝገቡን ሲመረምር፣ የተረፉ ዓመታትና የጎደሉ ዓመታት እንደ ዕጣ ተበታትነው ሳይሆን ተጎራብተው እንደሚመጡ አየ። በ1951 እ.ኤ.አ. ይህን አሳተመ። የሒሳብ ሊቁ ቤኑዋ ማንደልብሮት ኋላ ነገሩን "የዮሴፍ ውጤት" አለው፤ ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ሰባት የወፈሩና ሰባት የከሱ ላሞች በጉርብትና የመጡበትን ታሪክ ይዞ። ማይንክራፍት የጎደለው ይህ ነው። ዕጣ ጎረቤት የለውም።

የአየር ንብረት ክርክሩ የሚወሳሰበው እዚህ ጋ ነው። "ድሮም ድርቅ ነበር፣ ድሮም ጎርፍ ነበር፤ ዑደት ነው" የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከሺህ ዘመናት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ያን ዝናብ ያመጣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር አቋሟ በብዙ ሺህ ዓመት የሚለዋወጥበት ዑደት ነው። ግን ዑደት መኖሩ አዝማሚያ የለም ማለት አይደለም። ደረጃ እየወጣ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ሰው እየተወዛወዘም ይወጣል።

1998 እ.ኤ.አ. በኃይለኛ ኤልኒኖ ምክንያት ዓለም እጅግ ሞቃት ነበረች። ቀጥለው የመጡት ዓመታት ትንሽ ቀዝቀዝ ሲሉ ሙቀቱ ቆሟል የሚሉ ድምፆች ለዓመታት ተሰሙ። አንዲት ማነጻጸሪያ ብቻ ልጥቀስ፦ 2022 እ.ኤ.አ. ቀዝቃዛ የሚባል የላኒና ዓመት ነበር፤ ሆኖም ከሞቃቱ የኤልኒኖ ዓመት ከ1998 ይበልጥ ሞቆ ነበር። 2024 ደግሞ ልኬት ከተጀመረ ወዲህ ከሁሉ የሞቀው ዓመት ሆነ። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ከዚህ ሌላ አንድ ሥዕል ነው። ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 እ.ኤ.አ. የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ጀመረ። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ደን ሲለመልም፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ቅጠል ሲረግፍ ይወጣል። ምድር ስትተነፍስ ማየት ነው። የመጋዙ ጥርስ በየዓመቱ ሲደጋገም መጋዙ ግን ሽቅብ ያዘነብላል፤ ከሚሊዮን 315 ገደማ የተነሣው ዛሬ ከ420 አልፏል። ዑደቱም አዝማሚያውም በአንድ መስመር ላይ ይታያሉ።

በሳይንቲስቶች መካከል ያለው እውነተኛ ክርክር ሌላ ነው፤ የሚሞቀው ዓለም ኤልኒኖን ራሱን ያበረታው ይሆን፣ ወይስ ጠባዩን ይለውጠው? የምሥራቅ አፍሪካ የበልግ ወራት ዝናብም ሞዴሎቹ ይጨምራል ሲሉ፣ በመሬት ላይ ለብዙ ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል። ይህ ክርክር ገበሬን ይመለከታል፤ ያኛው ግን ጊዜ አባከነብን።

ከማውቃቸው ጨዋታዎች ትውስታ ያለው አየር ያየሁት በአንዱ ነው። ሲቪላይዜሽን 6 በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ጋዘሪንግ ስቶርም በተባለው ተጨማሪ ክፍሉ፣ ተጫዋቹ ያነደደው ከሰልና ነዳጅ ይቆጠራል። በረዶው ይቀልጣል፤ ባሕሩ በየደረጃው ይወጣል፤ በዝቅተኛ ዳርቻ የሠራው ሰፈር መጀመሪያ በጎርፍ ይመታል፣ ኋላም ይሰጥማል። እዚያ ውስጥ ተኝቶ በመነሣት የሚጠራ ሰማይ የለም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጋሼ ደወሉ። ከሰላምታው በኋላ፣ "ያ የሩቁ ባሕር እንዴት ሰነበተ?" አሉኝ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበር። "እየሞቀ ነው" ብሎ ከእኔ ቀድሞ መለሰላቸው። እኔም ትንበያው እንደ ልማዱ በሦስት መከፈሉን ነገርኳቸው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፤ ለእርሳቸው አገር ክረምት የሚያሰጋው የመጨረሻው መሆኑን። ትንሽ ዝም አሉ። ከጀርባ ፍየል ይጮኻል።

"እንግዲያው የወንዙን ዳር ማሽላ አደርገዋለሁ፣ የላይኛውን ለጤፍ አቆየዋለሁ" አሉ። "ሌላ ነገር ስትሰማ ደውልልኝ፤ ሐምሌ ሳይገባ።"