ለሕፃናት ምግብ የሚያቀርቡ ሰዎች የሚመረጡበት ደንብ

መንግሥት ለመሥሪያ ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛ፥ ለመንገዱም ድንጋይና ሬንጅ በጨረታ ሲገዛ ዕቃው ቢበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ነው። ለሕፃናት የሚታደል ምግብ በጨረታ ሲገዛ ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። ምግቡ ቢጎድል ወይም ቢነቅዝ ጕዳቱን የሚቀበለው ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ስለሆነ፥ ወደ ዳኛ ቀርቦ አቤት ሊል አይችልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጨረታ ማን ይግባ፥ ማንስ ይከልከል የሚለው ደንብ ከዋጋው ይልቅ አብልጦ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ይህንንም ለመረዳት የሕንድ አገር ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆናል፤ ዘመኑም ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሕንድ መንግሥት በ1975 ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፥ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ምግብና የጤና ጥበቃ የሚሰጥ ሥራ በ33 ሥፍራዎች ለሙከራ ጀመረ፤ ሥራውም እየሰፋ ሄዶ መላ አገሪቱን አዳረሰ። ምግቡ የሚታደልበት ቤት አንጋንዋዲ ይባላል፤ ስሙ የመጣው ግቢ ከሚለው የሕንድ ቃል ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ልጆች እዚያው የበሰለ ትኵስ ምግብ ይበላሉ። ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ላሉት ግን እናቶቻቸው ወደ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ስንቅ ይሰጣል። በ2009 በተሻሻለው ልክ ለአንድ ልጅ በቀን 500 ካሎሪና ከ12 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን እንዲደርሰው ታዝዞ ነበር።

ጠብ ያነሣው ይህ ስንቅ ነው። ትኵስ ምግብ ከሩቅ አገር ሊመጣ ስለማይችል የሚሠራው በመንደር ነው። ዱቄት ግን በፋብሪካ ተፈጭቶና በከረጢት ታሽጎ ብዙ ኪሎሜትር ሊጓዝ፥ በመጋዘንም ሊከማች ይችላል። ሊከማችና ሊጓዝ የሚችል ነገር ሁሉ ደግሞ የትልልቅ ነጋዴዎችን ዓይን ይስባል።

በ2001 በራጃስታን ክፍለ ሀገር ድርቅ ሆኖ ሕዝቡ ሲራብ፥ የመንግሥት ጎተራ ግን በእህል ተሞልቶ ነበር። ስለ ሕዝብ መብት የሚከራከር አንድ ማኅበር ይህን አይቶ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። ፍርድ ቤቱም ነገሩን በአንድ ጊዜ ውሳኔ ሳይዘጋ ብዙ ዓመት ሙሉ በየጊዜው ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ከእነዚያም ትእዛዞች አንዱ በጥቅምት ወር 2004 የተሰጠው ነው። ለአንጋንዋዲ ምግብ የሚያቀርቡ ኮንትራክተሮች እንዳይኖሩ ከለከለ፤ ገንዘቡም ይልቁንም በመንደር ማኅበረሰብ፥ በሴቶች ማኅበርና ራሳቸውን ለመርዳት በተደራጁ ቡድኖች እጅ ሥራ ላይ እንዲውል አዘዘ።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ነገር ግን ሕግ ስምን ሲጠይቅ፥ ስም የሚያበጅ ሰው አይጠፋም። ኮንትራክተር አይግባ፥ የሴቶች ማኅበር ይግባ በተባለበት ሥፍራ ነጋዴው በሴቶች ማኅበር ስም መጣ። በ2012 ፍርድ ቤቱ ከሾማቸው ኮሚሽነሮች ጽሕፈት ቤት የቀረበው መግለጫ በማሐራሽትራ ክፍለ ሀገር የሆነውን ሲዘረዝር፥ ውሉን የያዙት በወረቀት የሴቶች ማኅበራት ቢሆኑም ከበስተኋላቸው ምግቡን የሚሠሩት የግል ኩባንያዎች መሆናቸውን አሳየ። በዚህ ጊዜ ደንቡ አልተሻረም፤ ከስሙ በቀር ግን የቀረለት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው፤ ምክንያቱም ውሸት የሚባል ነገር አይገኝበትም። በዚያው በማሐራሽትራ በ2016 የወጣው ጨረታ የሴቶችን ቡድን በስም አልከለከለም፤ ነገር ግን የጨረታውን ክፍል አስፍቶ፥ የሚፈለገውንም የገንዘብ አቅም ከፍ አድርጎ አወጣው። በየመንደሩ አሥር አሥራ አምስት ሆነው ጥቂት ብር እያጠራቀሙ የሚሠሩ ሴቶች፥ የብዙ ወረዳ ልጆችን በአንድ ውል እንዲቀልቡ ቢጠየቁ ምን መልስ ይሰጣሉ? በሩ ክፍት ነው ተብሎ ደረጃው ግን ከቁመታቸው በላይ ተሠርቷል። ቡድኖቹም ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት ወር 2019 የጨረታው ቃል ለትልልቆቹ ያደላ ነው ብሎ፥ 63 ቢሊዮን ሩፒ ያህል ያወጣል የተባለውን ውል ሰረዘው፤ ጨረታውም እንደገና እንዲወጣ አዘዘ። ከጨረታው እስከ ፍርዱ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። በስድስት ወሩ ስንቁን መቀበል የጀመረ ሕፃን በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንቁ የሚገባበትን ዕድሜ ፈጽሞ ወጥቷል።

የፋብሪካው ወገን የሚያቀርበውን ምክንያት ሳይሰሙ መፍረድ ግን አይገባም። እነርሱ የሚሉት፥ የስድስት ወር ልጅ ሆድ እንደ ትልቅ ሰው ሆድ አይደለም፤ ዱቄቱ ቪታሚንና ማዕድን በልክ ሊጨመርበት፥ እጅም ሳይነካው ሊታሸግ ይገባል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 በሐምሌ ወር በቢሃር ክፍለ ሀገር በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት፥ በሌላ የመንግሥት የምገባ ሥራ የተሰጠ ምሳ 23 ልጆችን ገደለ። ምግቡ የተሠራበት ዘይት በተባይ መርዝ ተበክሎ ነበር። ያን ምሳ የሠራው ከሩቅ የመጣ ኮንትራክተር አልነበረም፤ የበሰለው እዚያው በትምህርት ቤቱ ነበር። ቅርብ የሆነ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

እንግዲህ ንጽሕናን መጠየቅ ተገቢ ሲሆን፥ ንጽሕናን በሀብት መለካት ግን ስሕተት ነው። ያለፈው ዓመት ሽያጭ ብዛት የዘይቱ ዕቃ መታጠቡን አይናገርም። ይህን የሚናገረው ሳይታሰብ ገብቶ መጋዘኑን የሚያይ፥ ከዱቄቱም ዘግኖ የሚያስመረምር ሹም ነው። ይህም ምርመራ ለፋብሪካውም ለመንደሩም ቡድን እኩል ሊሆን ይችላል። ሹሙ ደመወዝና መጓጓዣ ይፈልጋል፤ በጨረታው ወረቀት ላይ አንድ ቍጥር ከፍ አድርጎ መጻፍ ግን ምንም ወጪ የለውም። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የሚመረጠው ስለዚህ ይመስላል።

ብራዚል የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በሰኔ ወር 2009 ባወጣችው ሕግ፥ ማዕከላዊው መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ ከመቶ 30 የሚሆነው ከቤተ ሰብ ገበሬዎች እንዲገዛበት ወሰነች፤ ከ2026 ጀምሮም ወደ 45 ከፍ እንዲል በሌላ ሕግ ታዝዟል። ለዚህ ድርሻ የተለመደው ጨረታ ሊቀር ይችላል፤ ዋጋው ከገበያው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፥ ምግቡም የጥራት ምርመራ አይቀርለትም። በዚህ ሁኔታ ትንሹ ከትልቁ ጋር በዋጋ እንዲታገል አይገደድም፤ ድርሻው አስቀድሞ ተለይቶለታልና። በ2023 ደግሞ በዚያው ሕግ ላይ አንድ ቃል ተጨመረበት፤ ሽያጩ የአንድ ቤተ ሰብ የግል ሽያጭ በሆነ ጊዜ፥ ከዋጋው ቢያንስ እኩሌታው በሴቲቱ ስም እንዲሆን ያዛል።