ደላላው ቤቱን ያሳያል፣ ባለቤቱን ማን ያሳያል?

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ቤት ደላላ ነው። «ተማሪና ቤት መግዛት ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ባለፈው ክረምት ለእረፍት ዘንገና እስክሄድ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አጎቴ እንጅባራ ከተማ ቤት ሊገዛ ተነሳ። ልጆቹ በክረምት ጭቃ እየተመላለሱ መማር አቅቷቸው ነው። ገንዘቡ ደግሞ የስንት ዓመት የዲከረንስ ከሰል ነው። ዲከረንስን ለማታውቁ፣ በእኛ አዊ ገበሬው እንደ ሰብል ተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጠ የሚያከስለው ዛፍ ነው። አንድ ደላላ ሁለት ክፍል ቤት አሳየው፣ ወደደው፣ እዚያው 50 ሺህ ብር ቀብድ ቆጥሮ ሰጠ። ወረቀቱን ደላላው ራሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጻፈው፣ ሁለት ምስክር ፈረመ፣ በቃ አለቀ ተባለ። በሳምንቱ የሻጩ ሚስት መጣች። «ቤቱ የጋራችን ነው፤ እኔ አልሸጥኩም» አለች። ታዲያ ይሄኔ ደላላው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የኔ ሥራ ማገናኘት ነው፤ አገናኝቻለሁ።»

በንዴት ብንጮህበትም፣ ቆይቼ ሳየው ነገሩ እውነት ነበረው።

ደላላ ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የገለጸው፣ ውል እንዲዋዋሉ ሰዎችን ፈልጎ የሚያገናኝ፣ ራሱን ችሎ ለጥቅም የሚሠራ ሰው ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ ያገናኛል ነው የተባለው። ዋስ አይደለም፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም አይደለም። ክፍያው በልማድ ከሽያጩ ሁለት በመቶ አካባቢ ነው። ቤቱ 1 ሚሊዮን ብር ከተሸጠ 20 ሺህ ብር መሆኑ ነው። አንዳንዱ ከገዢም ከሻጭም ይቀበላል። ሌላው ደግሞ ሻጩን «ቁርጥ ዋጋህን ንገረኝ» ይልና ከዚያ በላይ ያገኘውን ለራሱ ያደርጋል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ገንዘቡን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ገዢ አለ» ቢል አይፈረድበትም፤ እኛ ግን መቸኮል የለብንም።

በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ወኪል ለመሆን ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። እዚያም ቢሆን በክፍያው ላይ ብዙ ክርክር ተነስቶ፣ ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ የገዢ ወኪሎች ቤት ከማሳየታቸው በፊት ክፍያቸውን የሚገልጽ ውል በጽሑፍ ከገዢው ጋር እንዲፈራረሙ ተደርጓል። ይቺን ልማድ እኛም ብንወስዳት አንጎዳም። ቤት ሳናይ በፊት «ስንት ነው የምትቀበለው? ከማን ነው የምትቀበለው? ሽያጩ ቢፈርስስ?» ብሎ መጠየቅና በወረቀት ማስፈር ነውር የለበትም።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአገራችን መሬት አይሸጥም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ ከቤቱ ጋር የቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፋል።

ይህ ለእኛ ለዘንገና ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ሐይቃችን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አስፋልት አጠገብ ስለሆነ «ለሎጅ የሚሆን ቦታ አለ» የሚል ወሬ አይጠፋም። የገጠር ይዞታን ግን ባለ ደብተሩ ገበሬ ሊያከራይ፣ ሊያወርስ፣ በስጦታ ሊያስተላልፍ ይችላል እንጂ ሊሸጠው አይችልም። የእርሻ መሬት ገዝቶ ቤት የሠራ ሰው ቆርቆሮውን እንጂ ቦታውን የኔ ሊል አይችልም። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ገዢው ነው።

ከቀብድ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ካርታውን ማጣራት ነው። የካርታው ቅጂ ተይዞ ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ይኬዳል። ስሙ፣ ስፋቱ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትና እንደሌለበት ከፋይሉ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። አጎቴ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የሚሸጠው ወኪል ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑንና አለመሻሩን ማየት ነው።

ከዚያ ውሉ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያረጋግጥ አካል ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። የሻይ ቤቱ ወረቀት ይህን አያሟላም። ግብር ለመቀነስ ብሎ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ማጻፍም አደጋ አለው፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ከፈልኩ ብሎ በቀላሉ የሚያስረዳው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ቀብድስ? ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ገዢው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ነገር ግን የአጎቴ ሻጭ ብሩን አጥፍቶት ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ከስንት ምልልስ በኋላ 30 ሺህ ተመለሰ፤ ሃያው ቀረ። ሃያ ሺህ ብር ስንት ማዳበሪያ ከሰል እንደሆነ ያከሰለው ያውቀዋል።

የምትሸጡ ከሆነም ዋናውን ካርታ ለደላላ አትስጡ፣ ቅጂው ይበቃዋል። ዋጋችሁን ለገዢው ራሳችሁ ንገሩት። ክፍያውም በባንክ ይሁን።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ግብይትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ ጸድቋል። ደግ ነው። ሆኖም ሻይ ቤት ውስጥ ለሚቆጠር ቀብድ አዋጅ አይደርስለትም።

ደላላን ግን መውቀሴ አይደለም። አጎቴ ከተማ ውስጥ ማንን ያውቃል? ያለ ደላላ ያቺን ቤት እንኳን ባላየ ነበር። ደህና ደላላ የሚኖረው በስሙ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገሩን በቀላሉ እንረዳዋለን። ጥቆማ የሰጠንን ሰው እናመሰግናለን፤ ዜናውን የምንጽፈው ግን ካጣራን በኋላ ነው። ደላላም ጥቆማ ሰጪ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

አጎቴ አሁንም ቤት እየፈለገ ነው። ሰሞኑን ስደውልለት ሌላ ደላላ ሌላ ቤት እንዳሳየው ነገረኝ። «ቀብድ ሰጠህ እንዴ?» አልኩት በድንጋጤ። «ኧረ እኔስ! መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ሚስትየዋን» አለኝ።